ድንኳኑ ያልተነቀለ ሰፈር

አማርኛ «ሰፈረ» የሚለው ነገር ሁሉ ተመልሶ ሊነሣ የሚችል ነገር ነው። ንብ ከቅርንጫፍ ላይ ሰፈረ ይባላል፤ አንበጣ ከማሳ ላይ ሰፈረ፣ አሞራ ከጣሪያ ላይ ሰፈረ፣ ጦር ከሜዳ ላይ ሰፈረ ይባላል። ቋጥኝ ግን አይሰፍርም፤ ዋርካም አይሰፍርም። ግሱ ክንፍ ወይም እግር ላለው፣ መጥቶ ላረፈና ነገ ለሚሄድ የተሰጠ ነው። ታዲያ አዲስ አበባ አራትና አምስት ትውልድ የተወለደበትን፣ የተዳረበትንና ያረጀበትን ምድር «ሰፈር» ብላ የምትጠራው ለምንድን ነው?

የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ይህ አንድ ቃል ነው። ዛሬ ሲሰሙት ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ሰላማዊው ይመስላል። የሰፈር ልጅ፣ የሰፈር ሱቅ፣ የሰፈር እድር ሲባል ጦርነት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ቃሉ ግን የዘማች ቃል ነው። የጥንት ትርጉሙ ጦር ከጉዞው ያረፈበት፣ ድንኳን የተተከለበት፣ በቅሎ የታሰረበትና እሳት የነደደበት ቦታ ነው። «የጦር ሰፈር» የሚለው አነጋገር ይህን ትርጉም እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉን በዚሁ በጥንት ፍቺው ይጠቀምበታል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 2 እስራኤል በምድረ በዳ ሲያርፉ የይሁዳ ሰፈር በምሥራቅ፣ የሮቤል በደቡብ፣ የኤፍሬም በምዕራብ፣ የዳን በሰሜን ነው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ነገድ፣ ከመካከል ደግሞ የመገናኛው ድንኳንና ሌዋውያን። ግዕዙ ይህን ሰፈር «ትዕይንት» ይለዋል። ዛሬ አማርኛ ትዕይንትን ለመድረክ ሰጥቶ ለጦሩ ሰፈርን አስቀርቷል። ያንን የኦሪት አሰፋፈር በአእምሮ መያዝ ይበጃል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው የነገሥታት ሰፈር በአቀማመጡ በእጅጉ ይመስለዋልና።

ይኸው ድምፅ ሌላም ሥራ አለው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ መስፈሪያና መስፈርት የሚሉት ቃላት ከዚህ ወገን ናቸው። ስምም በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ዜናም በጋዜጣ ላይ ይሰፍራል። ሁሉም ውስጥ ለነገሩ ልክና ቦታ የመስጠት ሐሳብ አለ። በጦር ሰፈር ውስጥም የሆነው ይኸው ነበር፤ ሁሉም ሰው ልክና ቦታ ነበረው።

ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ጽፎታል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ቆይቶ የታዘበውን በመጽሐፍ አቀረበ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። አልቫሬዝ የመጣው ከተማ ውስጥ ከተቀመጠ ቤተ መንግሥት ነው፤ ያገኘው ግን የሚሄድ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ በድንኳን ይኖራል። ድንኳኑ ሜዳው ላይ ከፍ ያለ ቦታ ከተገኘ እዚያ ይተከላል። አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ድንኳኖች ናቸው፤ ታቦታቱ በካህናት ትከሻ ላይ ሆነው ይጓዛሉ። የንጉሡ ማድ ቤት አለ፤ የዳኞች ድንኳን አለ፤ በሰንሰለት የታሰሩ አንበሶች አብረው ይሄዳሉ፤ ገበያው ከንጉሡ ድንኳን ርቆ ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙትን በቅሎዎች አልቫሬዝ ሲገምት ከ50,000 አያንሱም ይላል።

ጽሑፉን ለሚያነብ ሰው ከብዛቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሥርዓቱ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዛሬ ከዚህ ተነሥቶ ነገ ሌላ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ግርግር የለም። የንጉሡ ድንኳን በየት በኩል እንደዞረ ከታየ በኋላ እያንዳንዱ ሹም፣ እያንዳንዱ ጭፍራ፣ ነጋዴውም ካህኑም የራሱን ቦታ ያውቃል። በቀኝ የነበረ በቀኝ፣ በግራ የነበረ በግራ ይተክላል። የትናንቱ ጎረቤት የዛሬም ጎረቤት ነው። መሬቱ ተለውጧል፤ ሰፈሩ ግን ያው ሰፈር ነው። የዚህ ዲስኩር ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሰፈር ሲባል ከመሬቱ በፊት ሰዎቹ እርስ በርስ የያዙት አቀማመጥ ነበር።

የማዕረግ ስሞቻችንም የዚህ አቀማመጥ ካርታ ናቸው። ደጃዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጅ አዝማች ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ይመራል። ፊታውራሪ ከፊት ቀድሞ የሚያወር፣ ማለትም ወረራውን የሚከፍተው ነው። ከኋላ ያለው ጦር ደጀን ይባላል። እነዚህን ስሞች በወረቀት ላይ ቦታ ቦታቸውን አስይዞ የጻፋቸው ሰው የሰፈሩን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ማዕረጎቹ ከድንኳኑ ርቀው ክብር ብቻ ሆነዋል፤ ድንኳን ሜዳ ላይ ተክሎ የማያውቅ ግራዝማች በየአውራጃው ሞላ። ሆኖም ሥራና ስም ተጣብቀው የቆዩባቸው ሰዎች ነበሩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሹመው እስከ ዕለተ ሞታቸው በ1919 ዓ.ም. ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ ሲሆኑ፣ ስማቸው እስከ መጨረሻው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር።

ሰፈር ሆድ ነበረው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ጥንት ጦር ማውራት ለባላገሩ ፍትሕ መንሣት ነው። ዘማቹ ከቤቱ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭኮ ይዞ ይወጣል፤ ሚስቶችና ገረዶች እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውሃ እየቀዱና እንጨት እየለቀሙ ይከተሉታል። ስንቁ ሲያልቅ ሰፈሩ ያረፈበት አገር ነው የሚያበላው። ወታደር በገበሬ ቤት ተሠሪ ሆኖ ይገባል፤ ጎተራ ይራቆታል፤ በሬ ይታረዳል፤ የአጥር እንጨት ሳይቀር ይነድዳል። አንድ ትልቅ ሰፈር አንድ ቦታ በቆየ ቁጥር የማገዶው መንገድ እየረዘመ፣ የሚበላውም እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሥታቱ የተንቀሳቀሱት ለመዝመትና ለመግዛት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ አገር ሲራቆት ወደ ሌላው መሻገር ግድ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ከ10 ዓመት በላይ መቀመጣቸው በታሪክ ተለይቶ የሚነሣው እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ስለነበር ነው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም ነገሥታቱ በጋ በመጣ ቁጥር ድንኳናቸውን ይዘው መውጣታቸውን አልተዉም።

የዓድዋ ድል ራሱ በዚህ የሆድ ነገር ጫፍ ላይ የቆመ ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ዓድዋ ላይ ሰፍሮ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ደግሞ ከፊት ለፊቱ በምሽግ ሆኖ ይተያዩ ነበር። ከ100,000 ያላነሰ ይገመት የነበረው የኢትዮጵያ ጦር ያንን አገር በልቶ ጨርሶ ነበርና ሰፈሩን ሊነቅል ተቃርቦ ነበር። የጣሊያኖቹም ስንቅ የጥቂት ቀናት ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ባራቲዬሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ሜዳውን ባዶውን ያገኘው እንደነበር የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። አልታገሠም፤ የካቲት 23 ጠዋት ሰፈሩ ገና ሳይነሣ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ለ«ሰፈር» እኅት የሆነች ሌላ ቃል አለች፤ «ከተማ» ትባላለች። ዛሬ የገጠር ተቃራኒ አድርገን የምንጠራት ከተማ ጥንት የጦርና የንጉሥ ማረፊያ ነበረች። «ጦሩ እዚያ ከትሟል» የሚለው አነጋገር ዛሬም አልጠፋም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲዘልቅ በየኮረብታው አናት ላይ የቆረቆራቸው የጦር ማዕከሎች «ከተማ» ይባሉ ነበር፤ የኢሉባቦሩ ጎሬና የባሌው ጎባ እንዲህ ነው ያደጉት። የተመረጠው ኮረብታ አየሩ ደጋ፣ ዙሪያው የሚታይና ለመጠበቅ የሚመች ነበር። ከኮረብታው ግርጌ ያለው ገበሬ ግን ገባር ሆኖ ከላይ ያለውን ወታደር እንዲቀልብ ተመደበ። ለእርሱ ከተማ ማለት ግብር የሚወጣበት አቀበት ነበር፤ በዚያ ወገን ዘንድ የቃሉ ትዝታ መራራ ቢሆን ሊገርም አይገባም።

የጦር ማረፊያ ከተማ ሲሆን ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። አምር ኢብን አልዓስ ግብፅን ሲይዝ ድንኳን የተከለበት ቦታ ፉስጣጥ ተባለ፤ በኋላም ካይሮ ከአጠገቡ ተነሣች። የእንግሊዙ ማንቸስተር በስሙ ጅራት ላይ የሮማውያንን የጦር ሰፈር ይዞ ይዞራል። የኡርዱ ቋንቋም ስሙን ያገኘው ከቱርኮች የሰፈር ቃል ነው። አዲስ አበባን ከእነዚህ የሚለያት ሰፈርነቷ በሰው ዕድሜ ልክ ቅርብ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ድንኳኖች ያዩ ሰዎች ልጆች እስከ ቅርብ ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ነበር። ንጉሡ ሲመለሱ ለመኳንንቱ ቦታ መሩ። መኳንንቱም እንደ ለመዱት አደረጉ፤ እያንዳንዱ ጉብታ መርጦ አናቱ ላይ ለራሱ ግቢ አጠረ፤ ጭፍራው፣ ዘበኛው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ጠጅ ጣዩና እንጀራ ጋጋሪዋ ዙሪያውን ሰፈሩ። ቤተ መንግሥቱ ከሁሉ ከፍ ብሎ መካከል ላይ ነበር። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደልና የግጦሽ ሜዳ ይገኝ ነበር፤ ማታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ጅብ ይፈራ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የአዲስ አበባን ቀደምት ሰፈሮች አንድ በአንድ ያጠኑት የከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር ነው። የከተማዋን አመጣጥ ለመረዳት ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከሰፈሮቹ መነሣት ይሻላል፤ ከተማዋን የሠራት አዋጅ ሳይሆን የአሰፋፈር ልማድ ነውና።

ያ ሰፈር ሊነሣ ተቃርቦም ነበር። የእንጦጦና የአካባቢው ደን ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ማገዶ የሚመጣው ከሩቅ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እጀሬ የሚባል በደን የተከበበ ቦታ መርጠው አዲስ ዓለም አሉት፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ። በጥንቱ ልማድ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ባዶዋን ትቀር ነበር። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቅሎ ተገኘ፤ በአራትና በአምስት ዓመት የሚቆረጥ፣ ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም የድንጋይ ቤት ሠርተው ነበርና መነሣት አልፈለጉም። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማው ቦታ በደንብ ለባለቤት እንዲጸና ተደረገ፤ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ደረሰ። ድንኳኑ ቤት፣ ቤቱ ርስት ሆነ። ሰፈር የሚለው ስም ግን ቦታውን አልለቀቀም።

የአዲስ አበባን ስሞች መስማት የዚያን ጦር ስም ጥሪ እንደ መስማት ነው። ራስ መኮንን፣ ራስ ካሳ፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። ጠመንጃ ያዥ፣ ዘበኛ ሰፈር፣ የቤተ መንግሥት እደ ጥበበኞች የነበሩበት ሠራተኛ ሰፈር። ለገዳም ከተሰጠ መሬት ገዳም ሰፈር። በኋላ ጣሊያን ለሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ምሕጻረ ቃል ካዛንቺስን ወለደ። ደጃች ውቤ ሰፈር ደግሞ የማታ ሕይወት ሲሟሟቅበት ውቤ በረሃ ተባለና የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» መቼት ሆነ። የንጉሥ ዘማች የነበሩ ደጃዝማች ስማቸው በዚህ መልክ ይኖራል ብሎ በዘመናቸው ማን ያስብ ነበር?

ከዚህ ቃል የተወለደ አንድ ስም ግን ያለ ሐዘን አይጠራም፤ ሰፈራ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከደረሰ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አጓጓዘ። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ከገበያ ተይዞ የተጫነም አለ። ባልና ሚስት የተለያዩ፣ ልጅ ከእናቱ የተለየ ብዙ ነው። ደገኛው ቆላ ወርዶ ወባ ፈጀው። መተከል ውስጥ ፓዌ ላይ የተቆረቆሩት መንደሮች ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ ዛሬም መንደር 7 የሚል ሰው ይገኛል። እዚህ ላይ ከልብ መጤን ያለበት ልዩነት አለ። የጥንቱ ሰፈር ሰዉን ከእነ ጎረቤቱ፣ ከእነ አለቃው፣ ከእነ ታቦቱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የ1977ቱ ሰፈራ ሰዉን ነጠላ አድርጎ ጫነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተደረገው ነገር ግን ተቃራኒው ነው።

በከተማው ውስጥም መንግሥት ሰፈርን በሌላ ሊተካ ሞክሯል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ፤ ቀበሌዎቹም ቁጥር ተሰጣቸው። መታወቂያው ላይ ቁጥር ሰፈረ፤ በአፍ ግን ሰው «እሪ በከንቱ ነኝ»፣ «ሰባ ደረጃ ነኝ» ማለቱን አልተወም። በኋላ ቀበሌው በወረዳ ተተካ፤ ሰፈሩ አሁንም አለ። እድርም የቆመው በሰፈር ላይ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበርና ድስት የሚያወጣው፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝነው በቁጥር ሳይሆን በጉርብትና የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ አሁንም በየጊዜው የሚተከለው ድንኳን የለቅሶና የሠርግ ድንኳን ሆኗል።

ወታደሩ በበኩሉ ቃሉን ለሲቪሉ ትቶት የሄደ ይመስላል። የዛሬ ወታደር የሚኖረው «ካምፕ» ውስጥ ነው፤ ከካምፕ ወጥቶ ፈቃድ ሲያገኝ የሚሄደው ወደ ሰፈሩ ነው። የዘመተ ሰው ቤቱን የሚጠራበት ቃል፣ አያቶቹ ከቤታቸው ርቀው የሚያርፉበትን ሜዳ የጠሩበት ቃል ሆኗል።

አሁን ደግሞ ሰፈር እንደገና እየተነሣ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ ቀጥሎ ካዛንቺስ። ከቦታቸው የሚለቁት ሰዎች በመንግሥት ወረቀት ላይ «የልማት ተነሺ» ይባላሉ። ይህን ቃል ማን እንደመረጠው አይታወቅ ይሆናል፤ ከጥንቱ የሰፈር ግስ ጋር ግን ፍጹም ይገጥማል፤ የሰፈረ ነው የሚነሣው። የቆርቆሮና የጭቃ ቤቶቹ ያረጁ፣ መጸዳጃ ያጠራቸው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያስጨንቁ መሆናቸውን እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ለእነርሱ መሟገት አይገባም። ሊጠየቅ የሚገባው አነሣሡ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ ሲወጣ አርባ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ሰዎች አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ይደርሰዋል። እድሩ ይበተናል፤ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ይመጣል፤ ልጅ ሲታመም በር የምታንኳኳው ጎረቤት የለችም። አዲሱ ቦታም ሰፈር አይባልም፤ «ሳይት» ይባላል፤ ሳይት 1፣ ሳይት 2 እየተባለ ይቆጠራል።

በልብነ ድንግል ዘመን በ50,000 በቅሎ የተደረገው ነገር ዛሬ በአውቶብስና በኮምፒውተር ሊደረግ አይችልም ማለት ያስቸግራል። አንድ ሰፈር ሲነሣ ተነሺዎቹ በእድር ዝርዝራቸው ቢመዘገቡ፣ አንድ እድር ለአንድ ሕንፃ ወይም ለተያያዙ ሕንፃዎች ቢመደብ፣ የሰፈሩ ስምም በአዲሱ ቦታ የአውቶብስ ማቆሚያ ላይ ቢጻፍ የሚያስወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ትንሽ ነው። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ሰዎች በአንድ አካባቢ፣ ገላን ጉራ ላይ፣ መስፈራቸው ነገሩ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የቀረው ሥራ የዕጣውን አወጣጥ ማሻሻል ነው፤ ይህም በቤቶች አስተዳደሩ እጅ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ከነዋሪዎቹ የእድር ዳኞች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል።